የቴክሳስ ብርድ በገባበት ሳምንት በስቶር ሥራ ላይ፦ እንዴት እንደተወጣሁትና ምን እንደተማርኩ

በየካቲት 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021) ቴክሳስን ስለመታው ብርድ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሳው የጠፋውን መብራትና የፈነዳውን ቧንቧ ነው። እኔ ግን ያን ሳምንት ያሳለፍኩት ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው በጋርላንድ፣ ከነዳጅ ማደያ ጋር በተያያዘ አነስተኛ ስቶር ውስጥ ካውንተር ላይ ቆሜ ነው። ስለዚህ በአእምሮዬ የቀረው ሰው ምን ፍለጋ እንደመጣና ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ነው። በአካባቢያችን በእንዲህ ያለ ሥራ የሚተዳደር ወገን ብዙ በመሆኑ፣ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን አሠራር በጽሑፍ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዳላስ በረዶ የለመደ ከተማ አይደለም። በሰሜኑ አገር እንደሚደረገው መንገድ የሚጠርግ መኪና በብዛት አይገኝም፤ ቧንቧውም የተዘረጋው ለሙቀት አገር ታስቦ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ማክሰኞ ንጋት ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። ቴክሳስ ከሌላው የአሜሪካ ክፍል በአብዛኛው የተነጠለ የራሱ የኤሌክትሪክ መረብ ስላለው ከጎረቤት ብዙ ኃይል መበደር አይችልም። የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶችና የኃይል ማመንጫዎች በብርድ ሲቆሙ፣ መረቡን የሚያስተዳድረው ኤርኮት ሰኞ ፌብሩዋሪ 15 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት እንዲቆረጥ አዘዘ። መረቡ በጠቅላላ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ እንደነበር ኋላ ላይ ራሱ ድርጅቱ ገልጿል። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ጨለሙ። የእኛ ስቶር መብራት ይመጣ ይጠፋ ነበር እንጂ እንደ አንዳንዱ ሰፈር ጨርሶ አልቀረም፤ ሰውም ወደ እኛ የጎረፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራው የተጀመረው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። ዓርብ ዕለት የግዛቱ ገዥ በ254ቱም ካውንቲዎች የአደጋ ጊዜ ሲያውጅ ውሃ፣ ዳቦ፣ ወተትና እንቁላል ከመደርደሪያ ላይ በሰዓታት ውስጥ መመናመን ጀመሩ። የስቶሩን ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ሰው፣ «ጋሼ፣ ውሃውን ለአንድ ቤተሰብ ሁለት እሽግ ብቻ ብንል ምን ይመስልዎታል?» ስላቸው፣ «እንደሱ ይሁን፤ ዋጋው ላይ ግን አንዲት ሳንቲም እንዳትጨመር» አሉኝ። በቴክሳስ ሕግ አደጋ ከታወጀ በኋላ በምግብ፣ በነዳጅ፣ በመድኃኒትና በመሰል አስፈላጊ ዕቃዎች ላይ የተጋነነ ዋጋ መጠየቅ በብርቱ ያስቀጣል። እሳቸው ግን ያሉት ቅጣቱን ፈርተው አይመስለኝም፤ የሰፈሩን ሰው ለዓመታት ያውቁታል። የሕፃናት ዱቄት ወተቱን ከመደርደሪያ አንስቼ ካውንተር ሥር አስቀመጥኩት፤ ሕፃን ያላቸው ሰዎች ሲጠይቁ ብቻ እያወጣሁ ሸጥኩ። ይህን ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ፤ ጥቂት ቆርቆሮ ወተት አንድ ሰው ጠራርጎ ከሚወስደው ለብዙ እናት ቢዳረስ ይሻላል።

ሌላው የዓርብ ሥራ ዝርዝር ገንዘብ ማዘጋጀት ነበር። ሰኞ የፕሬዚዳንቶች ቀን ስለሆነ ባንክ ዝግ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የካርድ ማሽኑ አብሮ ይሞታል፤ የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ካርድም አይሠራም፤ ከመሬት ሥር ያለው ነዳጅ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሚወጣ ማደያውም ይቆማል። ስለዚህ ባንክ ከመዘጋቱ በፊት ባለ አንድና ባለ አምስት ዶላር ኖት፣ ሳንቲምም በጥቅል አስመጣን። የገንዘብ መሳቢያው በቁልፍ እንደሚከፈት አረጋገጥን። የዋና ዋና ዕቃዎችን ዋጋ በወረቀት ጽፌ ካውንተሩ ላይ ለጠፍኩ። ግብሩ ብዙ ካሸር የሚደናገርበት ነገር ነው፤ ማሽኑ ሁልጊዜ ስለሚያሰላልን ልብ አንለውም። በቴክሳስ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላልና የታሸገ ውሃ ግብር የለባቸውም፤ ለስላሳ፣ ከረሜላ፣ ባትሪና ከሰል ግን በእኛ ከተማ 8.25 በመቶ ይጨመርባቸዋል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ በባትሪ የሚሠራ ሂሳብ ማሽን ጨለማው ሲመጣ ሱቁን ክፍት አድርገው አቆዩት። እያንዳንዱን ሽያጭ በደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሦስት አራት ሰው እያደረገ በእጅ ባትሪ እያበራ ያስገባል። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ነገር ግን ሰዉ ቅደም ተከተሉን ሲያይ ይታገሣል።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር ልናገር። ውጭው በረዶ ስለሆነ ወተትና ሥጋ አይበላሽም ብሎ ማሰብ ይቀናል። የስቶሩ ውስጥ ግን ፀሐይ በመስታወት ስትገባና ሰው ሲበዛ ይሞቃል፤ ውጭ የወጣ ዕቃ ደግሞ ለስላሳው ይፈነዳል፣ ወተቱም ይረጋል። የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነው፦ መብራት የጠፋበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ የማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፋለሁ፤ በሩን እንዳይከፈት እዘጋለሁ፤ መብራት ሲመለስም በቴርሞሜትር እለካለሁ። ከ41 ዲግሪ ፋራናይት (5 ሴንቲግሬድ) በላይ ሆኖ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ወተት፣ ሥጋና የተዘጋጀ ምግብ ይጣላል። ጋሼ ሲጣል ማየት ከብዷቸው ነበር፤ ይሁንና እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንስተን ዝርዝሩን ስለያዝን ለኢንሹራንሱ የሚቀርብ ማስረጃ ኖራቸው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅልኝ የምፈልገው የከሰሉ ጉዳይ ነው። ቤቱ የቀዘቀዘበት ሰው በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው ዳቦና ውሃ ነበር፤ አንድ ሌሊት በብርድ ካደረ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ከሰል፣ ወደ ጥብስ ማብሰያው የጋዝ ሲሊንደርና ወደ ማገዶ ዞረ። አሜሪካ ውስጥ ከሰል ለበጋ የጓሮ ጥብስ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ በብርድ ወራት አቧራ ለብሶ ይከርማል። በዚያ ቅዝቃዜ ሰው ሁለት ከረጢት ከሰል ሲያነሳ ጓሮ ወጥቶ ሥጋ ሊጠብስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እኛ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ከሰልን እናምነዋለን፤ ጀበና ጥደንበታል፣ ወጥ ሠርተንበታል፣ በክረምት እጃችንን አሙቀንበታል። በአገር ቤት በግድግዳውና በቆርቆሮው ክፍተት አየር ይገባ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የከሰል ጭስ ሰው ገደለ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ የለም። የዚህ አገር አፓርትመንት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የተደፈነ ነው፤ በብርዱ ሳምንት ደግሞ ሰዉ የቀረውን ቀዳዳ በፎጣና በብርድ ልብስ ወትፎታል።

አንዲት ጋቢ የተከናነቡ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ከሰሉን ካውንተሩ ላይ አስቀመጡት።

«እማማ፣ ከሰሉ የት ሊነድ ነው?» አልኳቸው።

«ቤት ነዋ ልጄ፤ ሕፃናቱ በብርድ አለቁብኝ።»

«ቤት ውስጥማ አይሆንም እማማ፤ ይገድላል።»

«ውጭ አቀጣጥዬ ጭሱ ሲያልቅ ነው የማስገባው። ስንት ዘመን የኖርኩበት ነው እኮ!»

አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ጎጂው ነገር ጭሱ መሆኑን ነው፤ ጭስ የሌለው የቀላ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር ያለማቋረጥ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ግን ይህም ሳይሰማው እንደተኛ ይቀራል። ይህን በቀስታ ነገርኳቸው፤ የልጅ ልጃቸውም ሰምታ በእንግሊዝኛ ከስልኳ ላይ አረጋገጠችላቸው። አትግዙ ብሎ ማሰናበት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ እንደቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ትንሽ ክፍል እንዲሰበሰብ፣ ፍራሹን ወለል ላይ አነጥፈው ሕፃናቱን መሐል እንዲያደርጉ፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ እንዲጋርዱ፣ እንደ ዳላሱ የስብሰባ ማዕከል ያሉ ሰው ሊሞቅባቸው የተከፈቱ ቦታዎች መኖራቸውንም አንድ በአንድ አስረዳሁ። ከሰሉን ትተው ባትሪና ዳቦ ይዘው ሄዱ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ከቤት ውጭ ብቻ! ፍሙም ይገድላል!» የሚል ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ስፓኒሽ የምትናገር ደንበኛችን በራሷ ቋንቋ ጨምራበት፣ ክምሩ ላይ ለጠፍነው። ቤንዚን በጀሪካን የሚቀዳውንም ጄኔሬተሩን የት እንደሚያስቀምጠው መጠየቅ ልማድ አደረግን፤ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ ስድስት ሜትር መራቅ አለበት፤ ጋራዥ ውስጥ ግን በሩ ክፍት ቢሆንም አይሆንም። መኪናም እንደዚያው ነው። በዚያው ሳምንት በሂውስተን አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤቱ መብራት አጥቶ ሳለ ጋራዥ ውስጥ በተነሳ መኪና ጭስ ተመርዞ እናትና ትንሽ ልጇ መሞታቸውን በሐዘን ሰማን። ግዛቱ በኋላ ባወጣው ቆጠራ በዚያ ብርድ የሞቱት 246 ሰዎች ናቸው፤ የሚበዙት በቅዝቃዜው፣ ከፊሎቹም በዚሁ መርዘኛ አየር። ከእኛ ስቶር ወጥቶ ያለማስጠንቀቂያ ወደ ቤት የገባ አንድም ከረጢት እንዳይኖር ያን ያህል የተጨነቅሁት ስለዚህ ነው።

የበሩ ደጅ የተለየ ክትትል ይፈልጋል። ጨው ሲያልቅብን የድመት አሸዋ በተንነው፤ በረዶውን ባያቀልጥም እግር እንዳይንሸራተት ይይዛል። ሰው በጫማው የሚያስገባው በረዶ ወለሉ ላይ ስለሚቀልጥ መወልወያው ከእጅ አይለይም። ለልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ የሚቀየር ደረቅ ካልሲም በቦርሳ መያዝ ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ሊቀዳ የመጣን አዛውንት ለማገዝ መውጣት ሲኖር እግር ነው ቀድሞ የሚደነዝዘው። መኪና ደግሞ በመስታወት በረዶ ላይ ፍሬን አይታዘዝም፤ ቤቴ ቅርብ ስለነበር በእግሬ ተመላለስኩ፤ ራቅ ያለ ሰፈር የሚኖረው ባልደረባዬ ግን ጋሼ ቤት አደረ።

በሳምንቱ መገባደጃ በረዶው ሲቀልጥ ሌላ ችግር መጣ፤ የፈነዱት ቧንቧዎች ግፊቱን ስላወረዱት በመላው ቴክሳስ ከ14 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የውሃ ችግር ገጠመው፤ ብዙውም ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው። ማስታወቂያው የሚነገረው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለነበር፣ ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪ ደንበኞቻችን ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ሁለት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ጥርስ ለመፋቅና ለሕፃን ወተትም ያው የፈላው ውሃ እንደሚያስፈልግ እኛው ነገርናቸው። ምግቡ የተበላሸበት የድጋፍ ካርድ ተጠቃሚም ወደ 211 ደውሎ ምትክ መጠየቅ እንደሚችል ለብዙዎች አስረዳን።

ከዚያ ወዲህ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን የምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አሉ፦ መንገዱ ከተዘጋ ማን መምጣት እንዳለበትና ማን እንደማይገደድ፣ ሱቁ በጨለማ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ስቶሩ ሲዘጋ የሰዓት ክፍያው ምን እንደሚሆን። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ለቤት ኪራዩ ብሎ በአደገኛ መንገድ እንዳይነዳ፣ እሳቸው በአየር ጠባይ ምክንያት ለሚዘጋ ቀን ግማሽ ክፍያ ለመስጠት ተስማምተዋል። ሌላ ቦታ የምትሠሩ ወገኖቼም ይህን ጥያቄ በመስከረምና በጥቅምት፣ ነገሩ ሳይጣደፍ አንሱት፤ መልሱንም በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ተቀበሉ።