ከሎውን ሌክ እስከ ጋሼ ኩሬ

ጋሼ የደወሉልኝ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። "ልጄ፣ ግድቡ እግሩ ሥር ረጥቧል፤ ብቅ ብለህ እየው" አሉኝ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ኮሎራዶ የገባሁ ሰሞን ቤታቸው ያስጠጉኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ትንሽ መሬት ገዙ። መሬቱ ላይ የቀድሞው ባለቤት ለወፍና ለአጋዘን ብሎ የገደበው ኩሬ አለ። ዕድሜው ወደ ስልሳ ዓመት ይጠጋል። እኔ አገር ቤት ሳለሁ የመስኖ ግድብ ሲሠራ፣ አፈር ሲጠቀጠቅ ሳይት ላይ ቆሜ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ለዚያ ነው ለእኔ የደወሉት።

መስከረም ላይ ሁለት ቀን አገኘሁ። እሁድን ለጋሼ ያዝኩ። ቅዳሜን ግን ለረጅም ጊዜ ላየው ስመኘው ለነበረ ቦታ ሰጠሁት፤ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ላለው ሎውን ሌክ። አንድ ያረጀ የአፈር ግድብ እዚያ ተደርምሶ ነበር፤ ምን ጥሎ እንደሄደ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ዓርብ ማታ ኤስተስ ፓርክ ከተማ አደርኩ። የሞቴሉ ሰው በስልክ የነገረኝ ዋጋ ሌላ፣ ስደርስ የጠየቀኝ ሌላ። "የጽዳት ነው" ብሎ 25 ዶላር ጨመረብኝ። ክፍሉ ስገባ አንሶላው ላይ የሰው ፀጉር አለ። በጣም ተናደድኩ። ግን መሽቷል፣ ወዴት እሄዳለሁ? ሌሊቱን ደግሞ ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች አላስተኙኝም። መስከረም ወንዱ ሴቶቹን የሚጠራበት ወር ነው። ያን ከሚያህል እንስሳ የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ፉጨት መሆኑ ይገርማል። ንዴቴ ለቀቀኝና መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳዳምጥ ቆየሁ።

ለፓርኩ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ከፈልኩ። ሎውን ሌክ በእግር ነው የሚወጣው፤ ለመሄጃ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር። ሐይቁ ያለው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ ምን ያደርገዋል ብዬ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ራስ ምታቱ ቀፍድዶ ያዘኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከላይ የሚወርዱ አንዲት አዛውንት ቆም አሉ። ውሃቸውን ሰጡኝ፣ ጨው ያለው ብስኩት ሰጡኝ፣ ደህና መሆኔን እስኪያዩ ድረስም አልሄዱም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ወደ ገደሉ ጠቆሙኝ። ግድቡ የተደረመሰ ዓመት ከኤስተስ ፓርክ ዋና መንገድ ላይ ጭቃ በአካፋ ሲዝቁ ከነበሩት አንዷ ናቸው።

መንገዱ የሮሪንግ ወንዝን ተከትሎ ነው የሚወጣው። ወንዙ ራሱ በእርምጃ የሚሻገሩት ጅረት ነው። የተኛበት ሸለቆ ግን አንድ ግዙፍ ማረሻ የሰነጠቀው ይመስላል፤ ግራና ቀኙ የተላጠ አፈርና አለት ብቻ።

ሎውን ሌክ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ገበሬዎች ለመስኖ ብለው በአፈር ግድብ አሳደጉት። የግድቡ ቁመት 8 ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1982፣ ሊነጋጋ ሲል ተደረመሰ። ጎርፍ ከላዩ አልዘለለውም። የማስወጫ ቱቦው ከቫልቩ ጋር የተጋጠመበት ቦታ በእርሳስ የታሸገ ነበር፤ ማሸጊያው አረጀ። ግፊት ያለው ውሃ በዚያ በኩል ወደ አፈሩ ገባና ከውስጥ እየቦረቦረ ወሰደው። 830 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በዚያ ገደል ወረደ። ታች የነበረውን ካስኬድ የሚባል የኮንክሪት ግድብም ሰበረ። በድንኳን ያደሩ 3 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በላይ ያልሞተው አንድ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ፣ በአደጋ ጊዜ ስልክ ወዲያው ስለደወለ ነው።

ወርጄ ጎርፉ የዘረገፈውን የድንጋይ ክምር አየሁት። 17 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ከ400 ቶን በላይ የሚመዝን ቋጥኝ ሁሉ ተንከባሎ መጥቷል። ሕፃናት ድንጋዮቹ ላይ እየዘለሉ ይጫወታሉ። እኔ ግን የማስበው ያን የእርሳስ ማሸጊያ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ነድቼ ጋሼ ጋ ደረስኩ።

ኩሬው ያምራል። ዳክዬዎች ሞልተውበታል፣ አንድ ሽመላ ዳር ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ግድቡ ቁመቱ የእኔን አንድ ተኩል ቢሆን ነው። በኮሎራዶ ሕግ ቁመቱ ከ10 ጫማ የማያልፍ፣ የሚይዘውም ውሃ ጥቂት የሆነ ግድብ ዋናው ቁጥጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጋሼም "ይቺ ኩሬ ማንን ትጎዳለች ብለህ ነው?" አሉኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ወደ ታች ይዣቸው ሄድኩ። የኮረኮንች መንገዱን ተሻግሮ፣ ቦዩ አጠገብ የጎረቤት ቤት አለ። ግቢው ውስጥ የልጆች ዥዋዥዌ ተሰቅሏል። የግድብ አደገኝነት ደረጃ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ቢሰበር ታች ማን አለ በሚለው። አዲስ ሆነ አሮጌ፣ ያ ሌላ ጥያቄ ነው። ጋሼ ዥዋዥዌውን አይተው ዝም አሉ።

ከዚያ ግድቡን እግር በእግር ዞርነው። በውጭ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ሦስት ትልልቅ ዛፎች በቅለዋል። በውሃው በኩል ሙስክራት የሚባለው የውሃ አይጥ ጉድጓድ ቆፍሯል። በሩ ከውሃው በታች ስለሆነ ከላይ አይታይም፤ እግሬ ሰርጎ ሲገባ ነው ያወቅሁት። ኩሬው የተሠራው ለአራዊት ነው፣ ግድቡን የሚበሱትም እነሱው ናቸው። በዚህ አይጡን አልወቅሰውም። ሽቦና ድንጋይ የሚያነጥፍለት ሰው ነው የጠፋው።

ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻው በፊላ ተሞልቷል። አፉ ላይ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ዓሣ እንዳያመልጥ የሽቦ ወንፊት ተክለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባለው ግድብ ሲደረመስ ከ2,200 ሰው በላይ ሞቷል። ያም የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የመዝናኛ ሐይቅ ነበር። የዓሣ ወንፊቱ በዚያ ዝናብ በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳይናገሩ ፒንሳ አመጡ። ወንፊቱን አብረን ነቀልነው፣ ፊላውን እስኪመሽ አጨድነው። እጄ ለሦስት ቀን ሲያመኝ ሰነበተ።

ዋናው ነገር ግን ቱቦው ነው። ግድቡ ሥር የሚያልፈው የብረት ቱቦ ዝጎ ተበልቷል። እርጥበቱም የመጣው በዙሪያው ነው። ጋሼ አፈር አምጥተው ቦታውን ደፍነውት ነበር። አሳቢነት ነው፤ ግን ውሃውን ከውስጥ ያፍነውና ሌላ መውጫ እንዲፈልግ ያደርገዋል። የሚደረገው አሸዋና ጠጠር በመጠናቸው ደርድሮ፣ ውሃው እንዲያልፍ አፈሩ ግን እንዲቀር ማድረግ ነው። ያንንም በሙያተኛ እጅ። ዛፎቹንም እንዳይነቅሏቸው ነገርኳቸው። ሥሩ ሲነቀል ወይም ሲበሰብስ ግድቡ ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል።

አንድ የመስታወት ማሰሮ አመጡና ከሚያንጠባጥበው ውሃ ቀዳን። ጥርት ያለ ነበር። እፎይ አልኩ። ከአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ መስረጉ ያለ ነገር ነው። ውሃው ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ ታች ያሉትን ሰዎች ማስነሳት ነው።

ኩሬውን ዝቅ እናድርገው ስል ጋሼ ከፋቸው። "ወፎቹስ? የሚሻገሩበት ወር እኮ ነው።" ልክ ናቸው፣ እኔም አዘንኩ። በቀን ከአንድ ስንዝር ሳያልፍ፣ በጎማ ቱቦ እየሳብን እንድናወርደው ተስማማን። በአንዴ ቢወርድ በውሃ የራሰው የውስጥ ተዳፋት ይንሸራተታል። ከዚያ ጎረቤቶቹ ጋ ሄደን ስልክ ተለዋወጥን። እናትዮዋ ከልጆቿ ጋር በሩ ላይ ቆማ በትዕግሥት አዳመጠችን። ኩሬው ከቤቷ በላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ግድብ ብላ ግን አስባው አታውቅም።

ትናንት ጋሼ ደወሉ። በየጠዋቱ በማሰሮው ይቀዳሉ፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው ያያሉ፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጣሉ። እስካሁን ጥርት ያለ ነው። መሐንዲሱ ሐሙስ ይመጣል። ውሃው ወገብ ያህል ወርዷል፤ ዳክዬዎቹ በቀረው ላይ ተጨናንቀው እንዳሉ ናቸው።