የእሁድ ቡና በፍራንክፈርት

ፍራንክፈርት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ጠዋት ከአገር ቤት ባመጣሁት ሙቀጫ ቡናዬን ስወቅጥ በሩ ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት አሮጊት ናቸው። ከተናገሩት ሁሉ የገባኝ «ዞንታግ» (በጀርመንኛ እሁድ) የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ጠልተውኛል ብዬ ደመደምኩ።

ማታ የከተማው ሐበሾች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩት። ብዙ ዓመት የቆዩ አንዲት እናት በድምፅ መለሱልኝ። «ልጄ፣ አንቺን ጠልተው አይደለም። እዚህ አገር እሁድ የፀጥታ ቀን ነው፤ በአዘቦቱም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይንኳኳም። ቅዳሜ ወቅጠሽ አስቀምጪ። ለሴትዮዋ ደግሞ ቡና ይዘሽላቸው ውረጂ።» ደንቡን ጉግልም ይነግረኝ ነበር። ቡና ይዘሽ ውረጂ የሚለኝ ግን የእኔው ሰው ብቻ ነው። ያኔ ለመውረድ ድፍረቱ አልነበረኝም።

አድራሻ በ2 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት፣ የምጥለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሱፐርማርኬት ሲመለስ 25 ሳንቲም እንደሚያስገኝ፣ የሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ወርሃዊ 18.36 ዩሮ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በቤት እንደሆነ፣ ሁሉንም የሰማሁት ከዚያው ግሩፕ ነው።

የተጎዳሁበትም አለ። አንዱ በውስጥ መስመር መጥቶ «የኢሚግሬሽን ቀጠሮ አስይዝልሻለሁ» አለኝና 80 ዩሮ ተቀብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው የምጠይቀው፤ የተሳሳተ መልስ ቢመጣ ሌላው ያርመዋል። የመልሱንም ቀን አያለሁ። ዜግነት ለማመልከት 8 ዓመት መኖር ያስፈልጋል የሚል አሮጌ ጽሑፍ አምኜ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ሕጉ ግን ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 5 ዓመት ወርዷል።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያልቅ ግን ደነገጥኩ። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ በአማርኛ እያወራሁ፣ ጀርመንኛዬ ከሰላምታ ፈቀቅ አላለም። ግሩፑ አቅፎኝ ነበር፤ እኔም ከእቅፉ መውጣት አልፈለግኩም። ስለዚህ ነበንአን የሚባለው የጀርመን የሰፈር ኔትወርክ ላይ ተመዘገብኩ። አድራሻ አረጋግጦ ስለሚያስገባ የምታገኙት የሰፈራችሁን ሰው ነው። ሦስት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፦ መጋረጃ ልሰቅል ነው፣ መሰላል የሚያውሰኝ አለ?

ቀድመው የመለሱት እኚያው የታችኛዋ ጎረቤቴ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መሰላሉን በልጅ ልጃቸው አስይዘው ወጡ። ቡናው ተፈልቶ ነበር። በረካውን ሳይጠጡ አልወረዱም።