ሐረርን በስምንት ፎቶ፦ አድማሱ ለጥ ባላለበት ቦታ ፓኖራማ መስፋት

ስለ ፓኖራማ፣ ማለትም ጎን ለጎን የተነሱ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ሰፍቶ አንድ ሰፊ ምስል ስለማድረግ፣ የሚያስተምሩ ብዙዎች ምሳሌያቸውን ወደብ ያደርጋሉ። ደግ አደረጉ፤ ውሃው ለጥ ብሎ ስለሚተኛ ምስሉ መዛነፉ ባንድ እይታ ይለያል፣ መርከቦቹም ሩቅ ናቸው። ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ፣ ቁልቁል ሐረርን ሲያዩ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም። ኮረብታው ይወጣል ይወርዳል፣ የጀጎል ግንብም የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ ይጎብጣል። ምስሉ ቢያጋድል ኮምፒውተሩ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ታትሞ ሲሰቀል ነው ከተማዋ ወደ አንድ ወገን የምትንሸራተት የምትመስለው። ስለዚህ አግድሙን ትቶ ቁም መስመር መፈለግ ይሻላል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል በውስጡ 82 መስጊዶች አሉት፤ ሁሉም ረጅም ሚናራ (የመስጊድ ማማ) ባይኖራቸውም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ቁጥሩን እንያዝ። ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር፣ ካሜራው 24 ሜጋፒክስል፣ የሴንሰሩ መጠን ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው። ካሜራው ቁም ሲያዝ አንድ ፎቶ ወደ ጎን 25 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የትሪፖዱን (የባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ) ራስ በ15 ዲግሪ እያዞሩ 8 ፎቶ ሲያነሱ 130 ዲግሪ ይገኛል፤ ጎረቤት ፎቶዎች በ40 በመቶ ይደራረባሉ። 30 በመቶም ይበቃል፣ ግን 15 ዲግሪ በትሪፖዱ ራስ ምልክት ላይ ለማንበብ ይቀላል። ከተሰፋና ዳር ዳሩ ከተቆረጠ በኋላ 20,000 በ5,400 ፒክስል ገደማ ይቀራል። በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ርዝመቱ 1.7 ሜትር ነው። ጀጎል የመሀሉን ይይዛል፤ በግራ አዲሱ ከተማ፣ በቀኝ የኤረር አቅጣጫ ይገባል።

የውሃ ልኩ መስተካከል ያለበት የትሪፖዱ እግሮች ላይ ነው። ብዙ ሰው እግሩን እንደ ነገሩ ተክሎ ካሜራውን በትሪፖዱ ባለ ኳስ ራስ ያቃናዋል፤ የመጀመሪያው ፎቶ ቀጥ ይላል፣ አምስተኛው ላይ ያጋድላል፣ የተሰፋው ምስልም እንደ እባብ ይጥመለመላል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ፓራላክስ፣ ማለትም ካሜራው ቦታ ሲለቅ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር መፈናቀሉ ነው፤ ብዙ የሚወራበትን ያህል ግን ሁልጊዜ አያስፈራም። ካሜራው መዞር ያለበት ሌንሱን ከፊት ሲያዩት ብርሃን የሚያስገባው የአፐርቸሩ ቀዳዳ ያለ በሚመስልበት ነጥብ ላይ ነው። ያ ነጥብ ከትሪፖዱ ብሎን 6 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ከራቀ፣ በ15 ዲግሪ ዙር 1.6 ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። 2 ሜትር ላይ ያለ ቁልቋል ከሩቁ ከተማ አንጻር 70 ፒክስል ያህል ይፈናቀላል፤ ይህን የትኛውም ፕሮግራም አይደብቀውም። 150 ሜትር ላይ ያለ ቤት ግን 1 ፒክስል ገደማ ነው። እንግዲህ ሐኪም ጋራ ላይ ካሜራውን ትሪፖዱ ላይ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚያንሸራትት የማስተካከያ ሐዲድ ሳይገዙ መሥራት ይቻላል፤ ቅርብ ያለው ቁጥቋጦ ፍሬሙ ውስጥ አይግባ እንጂ። በእጅ የሚያነሱ ደግሞ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲዞሩ ካሜራው 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ካሜራውን ባለበት አጽንቶ ራስን በዙሪያው ማዞር ነው የሚሻለው።

ካሜራው ከፎቶ ፎቶ እንዳይቀያይረው ቅንብሩ ሁሉ ማኑዋል ይሁን፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሻተር 1/250 አካባቢ፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) የቀን ብርሃን ላይ የተቆለፈ፣ ፎከስ አንዴ ተይዞ የተዘጋ። ብርሃኑ የሚለካው ኖራ የተቀቡ ግድግዳዎች በበዙበት ፎቶ ላይ ነው፤ ነጩ ከተቃጠለ አይመለስም። ሰማይን የሚያጠቁረው የሌንስ ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር፣ ይውለቅ። ጠዋት ፀሐይ በቀኝ ሆና ወደ ሰሜን ሲነሳ፣ ከፀሐይ 90 ዲግሪ የሚርቀው ሰማይ መሀል ላይ ይውልና ልክ ከከተማዋ በላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀበቶ ይሠራል።

ወቅትም አለው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን ከአንሺው ጀርባ ነች፤ ግንቡ ፊት ለፊት ይበራል። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሙቀቱ ርግብግብታ የሩቁን ጠርዝ ያሟሽሻል።

ስፌቱ በሁጊን ነው፤ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሬክቲሊኒየር የሚባለውን፣ ምስሉን እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚዘረጋውን አዘረጋግ በ130 ዲግሪ አትሞክሩት፤ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ከመሀሉ አምስት እጥፍ በላይ ወደ ጎን ይለጠጣል። ሲሊንደራዊው፣ ምስሉን በበርሜል ውስጠኛ ገጽ ላይ እንዳለ አድርጎ የሚዘረጋው፣ ሚናራዎቹን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ፕሮግራሙ በራሱ ካገኛቸው መገናኛ ነጥቦች (በሁለት ጎረቤት ፎቶዎች ላይ አንድ ከሆኑ ቦታዎች) ደመናና የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ያረፉት ይጥፉ፤ ሁለቱም በፎቶዎቹ መካከል ቦታ ይቀይራሉ። ከዚያ በግራ፣ በመሀልና በቀኝ አንዳንድ ሚናራ መርጦ የቁም መስመር መስጠት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ሚናራ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ጠርዙን ከተከተሉ ጠርዙ ራሱ ያጋደለ ስለሆነ ምስሉን ያጣምመዋል። አንዱ ነጥብ ከታች ወገቡ መሀል፣ ሌላው ጫፉ ላይ ይደረግ። መጀመሪያ የፎቶዎቹን አቅጣጫ ብቻ፣ ቀጥሎ የሌንሱን ስፋትና ጉብጠት ያስተካክሉ። አማካይ ስህተቱ ከ3 ፒክስል ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ሁለት ክፉ ነጥብ ነው፤ የነጥቦቹን ዝርዝር በስህተታቸው ርቀት ደርድሮ የላይኞቹን ማየት ይበቃል። ምስሉ በባለ 16 ቢት ቲፍ ፋይል ሲወጣ 650 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል።

በጀጎል ውስጥ ወዳለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ፣ ወርዶ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሆነ ሐዲዱ ግድ ይሆናል። ሐዲዱን ማስተካከል ቀላል ነው፦ 1 ሜትር ላይ ክብደት ያሰሩበትን ክር ያንጠልጥሉ፣ ከኋላው ሩቅ የመብራት ምሰሶ ያግኙ። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር ክሩ ከምሰሶው ወደ ግራ ከሸሸ ካሜራውን ሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ወደ ቀኝ ከሸሸ ወደፊት ይግፉት። ለባጃጁና ለመንገደኛው እያንዳንዱን አቅጣጫ ሦስት ሦስት ጊዜ አንስቶ ባዶ የሆነውን መምረጥ ነው። የቀረውን ባለ ግማሽ አካል ባጃጅ በማስክ (የማይፈለገውን የፎቶ ክፍል በመከለል) አስወጥቶ፣ ስፌቱ በጥላ ወይም በባዶ ግድግዳ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል።