22,000 ብር ለስፒከር ገመድ ከፍዬ

ይህን የምጽፈው ያኔ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

አምፕሊፋየሩንና ስፒከሮቹን ሁለተኛ እጅ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ገጣጠምኳቸው፣ ሠሩ። ግን ዘፈኑ ጋብ ባለ ቁጥር ከሥሩ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ይሰማል። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ ሳያስብ «ገመድህ ነው» አለኝ። 3 ሜትር ጥንድ፣ 22,000 ብር። «100 ሰዓት አጫውተው፣ ከዚያ ድምፁ ይከፈትልሃል» ብሎም ሸኘኝ።

እኔም አመንኩ። በየማታው የማህሙድ አህመድን እየከፈትኩ ሰዓት ስቆጥር ከረምኩ። ባለቤቴን «ድምፁ እንዴት እንደጠራ ሰማሽ?» እላታለሁ። «ጉርምርምታው እኮ እንዳለ ነው» ትለኛለች። እሷ ትክክል ነበረች፣ እኔ ግን የከፈልኩትን ብር እንጂ ድምፁን አልነበረም የምሰማው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜ መጣና ዓይኔን አስጨፍኖ ውዱን ገመድና ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በሜትር የገዛሁትን ተራ ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ እያቀያየረ «የቱ ነው?» ይለኝ ጀመር። ከ12ቱ 5 ብቻ አገኘሁ። ቆይቼ ሳሰላው ገባኝ። የ3 ሜትር ተራ መዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው እንቅፋት (ሬዚስታንስ) ደርሶ መልስ 0.04 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሬ 8 ኦም ነው። በዚህ የሚጠፋው ድምፅ 0.05 ዴሲቤል አይሞላም፣ ጆሮ አይለየውም።

ጉርምርምታውስ? ወንድሜ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ሲነቅለው ጸጥ አለ! የዲሹ መስመር ከጣሪያ ላይ በሌላ መንገድ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መስመር) ያገኛል፣ የቤቱ ሶኬት ደግሞ በራሱ። በሁለቱ መሀል የሚዞረው የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው እንግዲህ ስፒከሩ ላይ የሚያጉረመርመው። ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የድምፅ መስመር ላይ ትንሽ አይሶሌተር፣ ማለትም ድምፁን እያሳለፈ የሁለቱን ኧርዝ ግንኙነት የሚለያይ ዕቃ አስገባሁ፣ አለቀ። አንድ ኤሌክትሪሺያን «ኧርዙን ቁረጠው» ብሎኝ ነበር። በፍጹም እንዳታደርጉት፣ ሰው ይገድላል።

ገመዱን ልመልስ ብል ሻጩ «ከተጠቀምክበት አይመለስም» አለኝ። ስፒከሮቹን ግን ከግድግዳው ጥግ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አወጣኋቸው፣ ወለሉ ላይም ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍኩ። ያን ቀን ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ምን ቀየርክ?» አለችኝ።