ብርቱካን በየአገሩ

ስዊድን ከመግባቴ በፊት አቴንስ ነው የኖርኩት። ኪፕሴሊ በሚባለው ሰፈር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እየተንከባከብኩ እሠራ ነበር። ኪሪያ ነበር የምላቸው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት የተግባባነው በእጅ ምልክት ነው። ግሪክኛ ድምፁም ፊደሉም ባዳ ሆነብኝ።

አንድ ቀን ላይኪ ወጣሁ፤ በሳምንት አንዴ መንገድ ላይ የሚቆም የአትክልት ገበያ ነው። ነጋዴው «ፖርቶካሊያ! ፖርቶካሊያ!» እያለ ይጮኻል። ፊቱ የተቆለለውን ሳይ ብርቱካን ነው። ፖርቶካሊ፣ ብርቱካን። ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። በማላውቀው ሰው መሀል የአገሬን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ዝምድናው እውነተኛ ነው። ሁለቱም ስሞች ከአንድ አገር ስም ነው የወጡት፤ ከፖርቱጋል። የጣፋጩ ብርቱካን መነሻ ወደ ደቡብ ቻይና ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 በባሕር ሕንድ ከደረሰ በኋላ ፖርቱጋሎች ጥሩ ጥሩውን ዝርያ እያመጡ ሸጡ። ገዢውም ፍሬውን በነጋዴው አገር ስም ጠራው። ቡልጋሪያ ፖርቶካል ይባላል፣ ሮማኒያ ፖርቶካላ፣ ቱርክ ፖርታካል። ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው ቡርቱቃል ሆነ። ሱዳኖች ደግሞ ቡርቱካን ይሉታል፤ እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ተቃርበናል።

ክሪስቶቮ ዳ ጋማ፣ የዚያው የቫስኮ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1541 400 ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዶ ወደ አገራችን ዘልቋል። ታዲያ ስሙን እነሱ ትተውልን ሄዱ ቢባል ያስኬዳል። ግን አይደለም። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ብርቱካንን በአገራቸው ስም አይጠሩም። ላራንጃ ነው የሚሉት! ስማቸውን የለጠፉበት ሌሎች ናቸው። ለእኛም ቃሉ የደረሰን በዐረቦቹ በኩል ነው።

ላራንጃ ሌላ፣ በጣም የቆየ መንገድ አለው። በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ናራንጋ ነበር። ፋርሶች ናራንግ አሉት፣ ዐረቦች ናራንጅ። እስፔኖች ናራንሃ ብለው «ነ»ን ይዘው ቀሩ። ጣልያኖች «ኡና ናራንቻ»፣ አንድ ብርቱካን፣ ሲሉ ግን ሁለቱ «ነ»ዎች ተጋጠሙና አንዱ ተዋጠ፤ አራንቻ ቀረ። ፈረንሳዮች ዘንድ ኦራንዥ ሆነ። ለዚህ ወርቅ የሚለው ቃላቸው «ኦር» ሳያግዝ አልቀረም። እንግሊዝኛው ከእነሱ የመጣ ነው።

ይህ አሮጌው ስም መጀመሪያ የተሸከመው ጣፋጩን ሳይሆን መራራውን ብርቱካን ነው። መራራው በዐረቦች እጅ ሜዲትራንያን የደረሰው ከጣፋጩ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ነበር። አቴንስ የኖረ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። የመንገዱ ዳርና ዳር በዛፉ የተሞላ ነው። በጸደይ አበባው ከተማውን በመዓዛ ያውደዋል። ክረምት ላይ ፍሬው አስፋልት ላይ ወድቆ ይንከባለላል፣ ለመብላት የሚያነሳው የለም። ስሙ ኔራንዚ ነው። ያው ናራንግ ማለት ነው። ኪሪያ ግን ያውቁበታል። ልጣጩን ይጠቀልሉና በክር ይሰኩታል። ምሬቱ እስኪወጣ ውኃ እየቀየሩ ይቀቅሉታል። ከዚያ በስኳር ሽሮፕ ያበስሉታል። እንግዳ ሲመጣ በትንሽ ሳህን፣ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ይቀርባል። ካየሁት መስተንግዶ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ከዚያ ስዊድን መጣሁ። እዚህ ደግሞ አፔልሲን ነው። አዲስ መጪዎች በምንማርበት የስዊድንኛ ክፍል አስተማሪያችን አንድ ቀን ብርቱካን ይዛ ገባችና በየቋንቋችሁ ጥሩት አለች። ሶርያዊው ቡርቱቃል አለ። ኢራናዊቷ ፖርተቃል፣ ኮሎምቢያዊው ናራንሃ። ዩክሬናዊቷ አፔልሲን ስትል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ከእኛ ቀድማ ስዊድንኛ ያወቀች መሰለ። አስተማሪዋ ትርጉሙን ነገረችን፤ የቻይና ፖም ማለት ነው። ሰሜን አውሮፓ ፍሬው የሚገባው በአምስተርዳምና በሃምቡርግ ወደብ ነበር። ስሙም ከዚያ ተነስቶ ስካንዲኔቪያን፣ ባልቲክን፣ ሩሲያን አዳረሰ። ሆላንዶች ዛሬ ገልብጠው ሲናስአፕል ይሉታል። ከጎኔ የምትቀመጠው የአስመራዋ ጓደኛዬ ደግሞ «እኛ አራንሺ ነው የምንለው» አለች። የጣልያኖቹ ቃል ነው። በአንድ ጠረጴዛ፣ በሁለት ሐበሻ መሀል፣ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ።

እኔ ብርቱካን የሴት ልጅም ስም ነው ስላቸው በጣም ወደዱት። ኮሎምቢያዊው ደግሞ ግሬፕፍሩትን ቶሮንሃ እንደሚሉት ነገረኝ። የእኛ ትርንጎ የዚህ ቃል ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በዐረብኛ በኩል ያለፉ ናቸው። እስፔንኛ ከዐረብኛ የወሰደውን ሳይ ከአማርኛ ጋር የሚጋራው ነገር ይገርመኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል መሸምደድ ተውኩ። አዲስ ቃል ሲመጣ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፣ እንዲያ ሲሆን አይጠፋኝም። በጉልምስና ቋንቋ ለሚጀምር ሰው ሁሉ ይህን እመክራለሁ።

ስዊድኖችም አሮጌውን ስም አልጣሉትም። ለገና ዳቦ የሚጨምሩትን የመራራውን ደረቅ ልጣጭ የሚሸምቱት ፖሜራንስ በሚል ስም ነው። ፖም የሚለው የጣልያን ቃል ከፊቱ ተለጠፈበት እንጂ ውስጡ ያው አራንቻ ነው።

የቀለሙ ነገር ደግሞ አለ። ስዊድኖች ድሮ «እሳት ቢጫ» ይሉት ነበር፤ አሁን ኦራንሽ ነው። እኛ ከፍሬው ስም ብርቱካንማ አልን። የአዳማዋ ልጅ ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈችው ለሆላንድ ሮጣ ነው፤ የሆላንድ ቀለምም ብርቱካንማ ነው። የዚያ ቀለም ምክንያት ግን ፍሬው አይደለም። የንጉሣውያኑ ቤት ኦራንዥ ከምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ስሙን ስለወሰደ ነው። የከተማዋ ጥንታዊ ስም አራውሲዮ ነበር። ከፍሬው ጋር ምንም አይገናኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የገጠመው።

ልጄ ያንን ውድድር አብራኝ ስታይ «እማዬ፣ አፔልሲንማ የለበሰችው አሸነፈች!» አለች። አላረምኳትም።