አሮጌ ጋዜጣ በሦስት ፕሮፎርማ

እጽዋት ለመሰብሰብ ከሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ርካሹ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ግን ከመኪናውም ከአበሉም በላይ ያስቸገረን እሱ ሆነ።

ዕቅዳችን መስከረም መጨረሻ ላይ ከጎንደር ተነስተን አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ መግባት ነበር። ቋራ ውስጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው። 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቆላ ነው። የዕጣን ዛፍ፣ ሁመር፣ ቁርቁራ፣ ሽመል አለው። ከሥር ያለው ሁሉ ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሰንበሌጡ ሰው ይውጣል። ሣርን ከሣር ለመለየት ደግሞ አበባው ወይም ዘር የያዘው ጫፉ ያስፈልጋል። ቅጠሉን ብቻ ይዞ ሄርባሪየም፣ የደረቀ ተክል ናሙና የሚቀመጥበት ቤት፣ የሄደ ሰው መሳቂያ ነው። ኅዳር ሲገባ እሳት ይለቀቅበትና ያልሰበሰቡት አመድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለግዢ ኃላፊያችን አስረድቻለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የግዢ መጠየቂያዬን አነበቡ።

«አሮጌ ጋዜጣ፣ በኪሎ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ተክሉን መሐሉ አድርገን እንጫነዋለን ጋሼ። እርጥበቱን ይመጥጣል።»

«አሮጌ ዕቃ በመንግሥት ገንዘብ?»

«አዲሱም ይሆናል፤ ግን ይወደዳል።»

«አዲስ ከሆነማ ለማንበብ ነው ይባላል። ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበል የኔ ልጅ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

«ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ» አሉኝ።

ጋዜጣ በኪሎ የሚሸጡት ገበያ ውስጥ ያሉ፣ በርበሬና ቆሎ የሚጠቀለልበትን የሚያቀርቡ ሴትዮ ናቸው። ፕሮፎርማ ስላቸው ሳቁ። «ማኅተም የለኝም ልጄ፤ ከፈለግሽ ግን ሁለት ኪሎ እመርቅልሻለሁ።» ቲን ቁጥር ብዬ አላደከምኳቸውም።

ጋሼ ችግሬን ሲሰሙ ከመጋዘን የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ መጽሔት በካርቶን አስወጡልኝ። «ይሄስ ወረቀት አይደለም እንዴ?» የሚያብለጨልጭ ወረቀት ውኃ አይመጥጥም። ለማሳያ ከግቢያችን ሣር ነቅዬ ጫንኩበት። ሻገተ። የሻገተውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አገላብጠው አዩትና «በደንብ አልጫንሽው ይሆናል» አሉኝ። እሳት በልቶብን ያመለጠን ሣር ሁሉ ተደምሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያህል አላናደደኝም።

ግዢው ታኅሣሥ ላይ ጸደቀ።

የቋራዋ ከተማ ገለጎ አድረን ፓርኩ ስንገባ መሬቱ ጠቁሯል። ትልልቁ ዛፍ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ቆሟል። ከሰንበሌጡ የቀረው ጉቶ ነው፤ አንዳንዱ ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ያ ለከብት ግጦሽ ይሆናል እንጂ ለእኛ ምንም አይሠራም። የዕጣኑን ዛፍ ችግኝ ፈለግን፤ ከእሳት ያመለጠ ጥቂት ነው። አብሮን ያለው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ዝም ብሎ ያየናል። ምን ፍለጋ እንደመጣን ሳይገርመው አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር ባዶ እጃችንን አልተመለስንም። የዕጣን ዛፍ የሚያብበው ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ሲቀር፣ በበጋ ነው። ባሰብነው ጊዜ፣ መስከረም ላይ ሄደን ቢሆን አበባውን አናገኘውም ነበር። አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠን በዚያ በስንት ፊርማ በመጣ ጋዜጣ ውስጥ አስተኛነው።

ይህን ለጋሼ የመናገር ሐሳብ አልነበረኝም። ሾፌራችን ነገራቸው።

«አየሽ! ብትቸኩዪ ኖሮ ያመልጥሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ያነሷታል።

እኔም ብልጥ ልሁን ብዬ በቀጣዩ ዓመት ጥያቄውን በግንቦት አስገባሁ። በጀት ሊዘጋ ነው ተብሎ ተመለሰ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እስኪለቀቅ መስከረም ይጠባል። ሰንበሌጡ ደግሞ የበጀት ዓመት አያውቅም።

የመጀመሪያው ጋዜጣ ጉዳይም ገና አልተዘጋም። ባለፈው ንብረት ክፍል ጠራኝ። በሞዴል 22፣ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ወጪ ያደረግሁት ጋዜጣ በስሜ ተመዝግቦ ይታያል።

«አላቂ ዕቃ ነው» አልኩት ልጁን።

«አለቀ?»

«አላለቀም። ተክሉ ውስጡ ነው።»

«እንግዲያው ይመለሳል» አለኝ፣ ቅጹን እየገፋልኝ።