ግቢው የማን ነው?

ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄድኩ። በሩ ላይ መታወቂያ አሳየሁ፣ ቦርሳዬ ተፈተሸ፣ ገባን። ልጁ «ተማሪዎች ሳንሆን እንዴት አስገቡን?» አለኝ። ጥያቄው ውሎዬን ሙሉ አብሮኝ ዞረ።

ግቢው እኮ የንጉሥ ቤት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡና በ1954 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ተከፈተ። ዛሬ ማንም ሰው ትኬት ቆርጦ የንጉሡን መኝታ ክፍል ያያል፤ መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር! «ለደኅንነት ሲባል ግቢው ለውጭ ሰው ይዘጋ» የሚል ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። በ2015 እ.ኤ.አ. ኬንያ፣ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ታጣቂዎች የበሩን ጥበቃዎች ገድለው ነው ያለፉት፤ 148 ሰው አለቀ። እንዲህ ላለው ጥቃት የሚያስፈልገው ፈጥኖ የሚደርስ የሠለጠነ ኃይል ነው፣ መታወቂያ ማየት አይደለም።

የእኛ የ2012 ዓ.ም. መከራ ደግሞ ሌላ ነበር። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከተማሪ ተጋጨ፣ ልጆች ሞቱ፣ ብዙዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ፍተሻ ቢላዋ ይይዛል፤ ከዶርም ዶርም የሚዞር ወሬ ግን አይይዝም። ለእኔ ቢተውልኝ የደኅንነቱን ገንዘብ ለአጥር አላወጣውም። ሌሊት ዶርም የሚዞሩ ፕሮክተሮችን እጨምርበታለሁ፣ አቤቱታ ሰምቶ በማግስቱ የሚንቀሳቀስ የተማሪዎች ዲን ቢሮ አጠናክርበታለሁ፣ ከሁሉ በፊት ግን ሴት ተማሪዎች ማታ ከቤተ መጻሕፍት የሚመለሱበትን መንገድ መብራት አስገባበታለሁ።